ቅያሜ የተከለከለበት መንደር

አንድ መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ ከዓለም ኃጢአት እንሽሽ ብለው ከየአገራቸው ወጥተው፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብር ተራራ ላይ የሰፈሩ ናቸው። አይዘፍኑም፤ አይጨፍሩም፤ በሰንበት ጮክ ብሎ መሳቅ እንኳ ያስነውራል። ከሕጋቸው ሁሉ የጠበቀው ግን ቅያሜን የሚከለክለው ነበር። ለጎረቤቱ "አዝኜብሃለሁ" ያለ ሰው ማቅ ለብሶ በጉባኤው ፊት ይቆማል።

ስለዚህ በዚያ መንደር ተቀይሜያለሁ የሚል ሰው አይገኝም። የአንዱ ላም የሌላውን ገብስ ስትበላ ብትገኝ፣ ባለ ገብሱ ጥርሱን ነክሶ "ኧረ ምንም አይደል፤ እንኳን በላች" ይላል። ከዚያ በኋላ ያችን ላም ባየ ቁጥር ሆዱን ያመዋል።

አንድ ዓመት ዘመኑ ከፋ። በረዶ ሰብሉን መታው፤ ከበረዶ የተረፈው እህልም እንክርዳድ የበዛበት ሆነ። የበላው ሰው ራሱን ያዞረዋል። ላሞች ወተት ነሱ፤ ሕፃናት ታመሙ። የመንደሩ መሪ መምህሩ ነበር፤ እሱም "በመካከላችን ክፉ ተደብቋል" ብሎ ሰበከ። በዚያው ሰሞን የገዛ ልጁ ትርሲት በጉባኤው መካከል ወድቃ መንቀጥቀጥ ጀመረች።

ትርሲት ፊደል የቆጠረች፣ ዓይን አፋር፣ ድምፅዋ ከአፏ የማይወጣ ልጅ ነበረች። "ማን ነው? ማን ያዘሽ?" እያሉ ከበቧት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስም ካላገኘ አይቆምም። በመጨረሻ "ይመኙሻል" አለች።

ይመኙሻል ከመንደሩ ዳር ብቻዋን የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። ሸክላ ሠሪን ቡዳ ነው ማለት የቆየ ነገር ስለሆነ፣ ስሟ ሲጠራ የተገረመ አልነበረም። በማግስቱ ላሜን ያነጠፈችው እሷ ናት የሚል ተነሣ፤ ቀጥሎ ልጄን በዓይኗ በላችብኝ የምትል ተገኘች። ለቡዳ የተቆረጠው ፍርድ ከገደል መወርወር ነው። ያለ ዳኛ ቃል ግን ደም ማፍሰስ ስለማይችሉ፣ የአውራጃው ዳኛ እስኪመጣ ይመኙሻልን እጇን አስረው አስቀመጧት።

ዳኛው በሰው እየተደገፈ ከበቅሎው የወረደ ሽማግሌ ነበር። ከጉባኤው ቤት ደጅ ተቀመጠና ክሱን ሰማ።

"ከምስክርነቱ በፊት አንድ ነገር እፈልጋለሁ" አለ። "እያንዳንዱ መስካሪ፣ ይህች ሴት ምን አድርጋ አስቀይማው እንደ ነበር አስቀድሞ ይናገራል።"

"ጌታዬ፣ በእኛ መንደር ቅያሜ የለም" አለ መምህሩ።

"ታዲያ ገደሉን ለምን ፈለጋችሁት?"

ዳኛው ቀጠለ። "ዛሬ ፍርዱ የእኔ ነው። ቅያሜውን የተናገረ ማቅ አይለብስም። ቅያሜ የለኝም የሚል ደግሞ አያውቃትም ማለት ነውና አይመሰክርባትም።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ገበሬ ተነሣ። "ጭቃ የምትቆፍረው ከማሳዬ ዳር ነው። በሬዬ ጉድጓዷ ውስጥ ገብቶ እግሩን ተሰብሯል።"

"ለምን አልነገርከኝም?" አለች ይመኙሻል።

"ነግሬሽ ማቅ ልልበስ?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። አንዲት ሴት ደግሞ ተነሣች። "ለእኔ የሸጠችልኝ እንስራ ያፈሳል።"

"ሳታሟሺው ውሃ ሞላሽበታ።"

"አሟሽቼዋለሁ።"

"መቼ አሟሸሽው? በገዛሽው ቀን ከምንጭ ውሃ ሞልተሽ ተሸክመሽው ስትመለሺ አይቼሻለሁ።"

"ሰማችሁ? ዓይኗ የማያርፍበት ነገር የለም።"

"መንገዱ በደጄ ነው የሚያልፈው፤ ዓይኔን የት ላስቀምጠው?"

አሁን ሳቁ በግልጽ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ይመኙሻልን ረስቶ እርስ በርሱ ይነጋገር ጀመር። አንዱ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ፣ "ላምህ ገብሴን ስትበላ እንኳን በላች ያልኩህ ከልቤ አልነበረም" አለው። ጎረቤቱም፣ "አውቄዋለሁ፤ ፊትህ ጠቁሮ ነበር" ብሎ መለሰ። ዳኛው አላስቆማቸውም። ጩኸቱ ሲበርድ ወደ ትርሲት ዞረ።

"አንቺስ፣ ልጄ?"

"አባቴ እየሰማ አልናገርም።"

"አባትሽ ካልሰማው የያዘሽ ነገር አይለቅሽም።"

ትርሲት መሬት መሬቱን እያየች ጀመረች። ድምፅዋ ሲወጣ ሁሉም ወደ እሷ ጠጋ አለ። "ባለፈው መከር ከጭቃው ጉድጓድ አጠገብ ብቻዬን እስክስታ ስወርድ አየችኝ። ምንም አላለችኝም፤ ዝም ብላ አይታኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ባየኋት ቁጥር፣ ዛሬ ለአባቴ ትነግርብኛለች እያልኩ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። እህሉም ራሴን ያዞረኛል። የወደቅሁ ዕለት ማን ነው ማን ነው ሲሉኝ፣ የምፈራው ሰው እሷ ብቻ ስለነበረች ስሟን ጠራሁ።"

እጇ እንደታሰረ ይመኙሻል ቀና አለች። "አይቼሻለሁ፣ ልጄ። ያልተናገርኩት ግን ምስጢርሽን ልጠብቅ ብዬ አይደለም። ትከሻሽ ግትር ነው፤ እስክስታ ነበር ብልስ ማን ያምነኛል?"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ትርሲትም ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ ተመልሳ ደግሞ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ዓይኑን ወደ መምህሩ መለሰ። መምህሩ ልጁን አየ፤ የታሰረችውን ሴት አየ።

"እኔም ልመሰክርባት አስቤ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ቅያሜዬን ልናገር። ስሰብክ ከፊት ተቀምጣ ታንቀላፋለች።"

"መምህር፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ጭቃ ስረግጥ ነው የምውለው" አለች ይመኙሻል። "የእርስዎ ድምፅ ደግሞ ለስላሳ ነው።"

ገመዱን የፈታው ራሱ መምህሩ ነው። ቋጠሮው ስለ ጠበቀበት ትርሲት አገዘችው።

ዳኛው በቅሎው ላይ ሲወጣ፣ ያ በሬው የተሰበረበት ገበሬ ተጠግቶ፣ "ጌታዬ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ያመጣብን እንክርዳዱ ነው ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀው።

"እንክርዳድ ራስ ያዞራል እንጂ የጎረቤት ስም አይጠራም" አለ ዳኛው። "እህላችሁን ልቀሙ። ቅሬታችሁን ደግሞ ሳያድር ተነጋገሩ።"

ትርሲት እህሉ እስኪጠራ ድረስ አንድ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ማን ነው ብሎ የጠየቃት ግን የለም። ደግፈው አስቀመጧት፤ ውሃ ሰጧት፤ ተነሣች። መንደሩም ከዚያ ወዲህ ጭቅጭቅ የማይጠፋበት መንደር ሆነ ይባላል። ገደሉ ግን ሥራ ፈታ።

ይህን ታሪክ የነገረችኝ እናቴ ናት። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ዘመን ፈጀብኝ። ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ በኋላም በመሥሪያ ቤት፣ ስለ ቡዳ በተወራ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ምሳዬን እጨርስ ነበር። ሰሞኑን ግን ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው። ከዚያ አንዷ፣ "እናትሽ የሽሮ ድስት ይሠራሉ? የእኔ ተሰንጥቆብኛል" አለችኝ። የዚያን ቀን ምሳ እንደ ጣፈጠኝ እስከ ዛሬ የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

ወዳጆቼ፣ ክፉ ዘመን ሲመጣ ሰው የሚከሰውን አያጣም። ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው ግን ክፉ የሠራው ሳይሆን፣ ፊት ለፊት ልናናግረው ያልደፈርነው ሰው ነው። የተነገረ ቅያሜ ጭቅጭቅ ይሆናል፤ ጭቅጭቅ ደግሞ ይበርዳል። በሆድ የቀረው ቅያሜ ግን አድጎ ሌላ ስም ያወጣል፤ ያን ስም የሚሸከመውም ብዙ ጊዜ ተከራካሪ የሌለው ጎረቤት ነው።

እርስዎስ ዛሬ ጠዋት ፈገግ ብለው ሰላም ካሏቸው ሰዎች መካከል በልብዎ ቅያሜ የያዙበት ማን ነው? ለሌላ ሰው ከመንገርዎ በፊት ለራሱ ምን ብለው ይነግሩታል?