የደብሪቱ ማሽላና አራቱ እህትማማች በረኞች

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ስለ አንዲት ማሽላና ስለ እህትማማቾቿ ጣጣ ላውራችሁ።

እትዬ ደብሪቱ ከእናቷ የወረሰችው የማሽላ ዘር ነበራት። በዚያ ዓመት አንበጣ ማሳውን ጨረሰውና ከደጃፏ የበቀለች አንዲት ማሽላ ብቻ ተረፈች። እሷ ካላፈራች ዘሩ መጥፋቱ ነው። ደብሪቱ በየማለዳው በጣሳ ታጠጣታለች። ማሽላዋ ግን ዛላዋን ባዶውን ገትራ ቆመች።

በማሽላዋ ውስጥ አራት እህትማማች ዘረመሎች፣ ማለት ከዘር ወደ ዘር የሚወረሱ ጥቃቅን የሥራ ትእዛዞች፣ ይኖራሉ። ሁሉም የአንዲት አያት ቅጂ ናቸው፤ ሙያቸውም አንድ ነው፣ በረኝነት፤ በር ከፍቶ ውሃና ጣፋጭ ምግብ ማሳለፍ። ጥንት ሁሉም በሁሉም ቦታ ይሠሩ ነበር። ዘመን ሲረዝም ግን ተከፋፈሉት፤ አንዷ ዛላ ላይ፣ አንዷ አገዳ ውስጥ፣ አንዷ ቅጠል ላይ፣ አንዷ ሥር ውስጥ ብቻ የምትነቃ ሆነች፤ መጠሪያቸውም በየቦታቸው ሆነ። ከቦታዬ ውጪ አልሠራም ባዮች ናቸው፣ ኩራታቸው ለጉድ ነው።

ደብሪቱ ዛላዋን፣ እባክሽ በርሽን ክፈቺና ፍሬሽ ይሙላ አለቻት። ዛላዋ፣ አገዳዋ ሳታቀብለኝ ምኑን ላሳልፍ አለች።

ደብሪቱ ወደ አገዳዋ ሄደች። ዛላዋ አትሞላ፣ አገዳዋ አታቀብል፤ ምን ይሻላል? አገዳዋም፣ ቅጠሏ ጣፋጩን ካልሰጠችኝ ከየት ላምጣ አለች።

ወደ ቅጠሏ ሄደች። ዛላዋ አትሞላ፣ አገዳዋ አታቀብል፣ ቅጠሏ አትሰጥ፤ ምን ይሻላል? ቅጠሏ፣ ሥሯ ውሃ ካልላከችልኝ በምን ልሥራው አለች። ደብሪቱ ተናደደች። ሙያችሁ አንድ አይደለም ወይ፣ ወርደሽ ብትሠሪላትስ? ቅጠሏ፣ ሙያውንስ እችለዋለሁ፣ ከቅጠል ወዲያ ግን እንቅልፌ ይመጣል ብላ መለሰችላት።

ወደ ሥሯ ጎንበስ አለች። ዛላዋ አትሞላ፣ አገዳዋ አታቀብል፣ ቅጠሏ አትሰጥ፣ ሥሯ አትልክ፤ ምን ይሻላል? ሥሯ ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ፣ እኔን የሚቀሰቅሰኝ ጥም ነው፣ ጥም ደግሞ አልመጣም አለች።

ጥም ከአጥሩ ውጪ ቁጢጥ ብሎ አገኘችው። ዛላዋ አትሞላ፣ አገዳዋ አታቀብል፣ ቅጠሏ አትሰጥ፣ ሥሯ አትልክ፣ ጥም አይገባ፤ ምን ይሻላል?

ጥም ተነፈሰ። በየማለዳው ልገባ ስል አንዲት ሴትዮ በጣሳ ታባርረኛለች አለ፤ ጣሳዋ ላዩን ታረጥባለች እንጂ ለፍሬ አትበቃም።

"ማናት እሷ ደግሞ?" አለች ደብሪቱ።

ጥም እጇን አየ። ደብሪቱም እጇን አየች። ጣሳዋ እስከ አፏ ሞልታለች።

"ብትደርቅብኝስ? የእናቴ ዘር እኮ ናት" አለች። ጥም ቃል ሊሰጣት አልቻለም። ደብሪቱ እያመነታች ጣሳዋን መሬት አስቀመጠች። ቅጠሏ ጥቅልል ስትል ደብሪቱ አለቀሰች፤ ግን አላጠጣችም።

ጥም ገባ፤ ጥም ሲገባ ሥሯ ነቃች፣ ወደ ጥልቁ ወርዳ ውሃ ላከች፤ ሥሯ ስትልክ ቅጠሏ ሰጠች፤ ቅጠሏ ስትሰጥ አገዳዋ አቀበለች፤ አገዳዋ ስታቀብል ዛላዋ ሞላች፣ እስክታጎነብስ ሞላች።

ደብሪቱ ዘሩን ለየጎረቤቱ እፍኝ እፍኝ አደለች፤ ዳግመኛ በአንዲት ማሽላ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። ስትሰጥም፣ "አደራ፣ አታሞላቅቋት" ትላለች።

የእኔም ወሬ እዚህ ላይ አለቀ፤ የጠማው ተነሥቶ ራሱ ይቅዳ።