የተነከሰው እጅ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ አስካለ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «እጁ አልታዘዝ ያለውን ልጄን የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ‹ልጅሽን ዝም ብለሽ አታጉርሺው፣ በገዛ እጁ ይሞክር› ትለኛለች፤ ይሄ ጭካኔ አይደለም ወይ አባባ?» ነው ያልሽኝ። ደግሞም ሳጎርሰው ፊቱን ያዞርብኛል ብለሻል። እንግዲህ ስሚኝ፤ እኔ ሆዳም ነኝና ምሳሌዬም ከገበታ አይርቅም።

አንድ ሰው ነበረ፤ እህል ነጋዴ ነው፣ እጁ የማይሰስት። ጉርሻው ቡጢ ያክላል፤ ከቤቱ የሚወጣ እንግዳ ደጅ ደርሶም ገና እያላመጠ ነው። አንዲት ልጅ ነበረችው። እናቷ ስታምጥ ምጡ ረዝሞ፣ ሕፃኗ ስትወለድ ቶሎ አልተነፈሰችም፤ ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ የሚሉት ነገር እጅና እግሯን ያዘው። እጇን ወደዚህ ስትለው ወደዚያ ይሄዳል፤ ጨብጥ ስትለው ይዘረጋል፣ ተዘርጋ ስትለው ይጨበጣል። አእምሮዋ ግን ምላጭ ነው!

አባት ሲወዳት ለጉድ ነው። ጠዋት ያጎርሳታል፣ ማታ ያጎርሳታል፤ እናቷን እንኳ አያስነካም። አንድ ጭንቅ ነበረበት፤ ደረቱን ያመዋልና «እኔ የሞትኩ ቀን ይቺን ልጅ ማን ያጎርሳታል?» ይላል፣ እዚያው እሷ ፊት። ትሰማዋለች።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጣች። ልጅቷን ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯ እንዳይንጠለጠል ከሥሩ ሣጥን አድርጋ ታስቀምጣታለች። ጣቶቿን ቀስ አድርጋ ታፍታታለች፤ ክርኗን ደገፍ አድርጋ ቁራሽ እንጀራ ታስጨብጣታለች። ሲወድቅባት «አይዞሽ፣ እንደገና!» ትላለች፤ ይቺ ሴት መሰልቸት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። አባትንም «ጋሼ፣ መጀመሪያ እሷ ትሞክር፤ የጎደለውን ኋላ ይሞሉላታል» አለችው። «ልጄን በረሃብ ላስተምራት?» ብሎ ተቆጣ። ባለሙያዋ ወጥታ በሩ ሲዘጋ ጉርሻው ይጀመራል።

የፋሲካ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ልጅቷም ከገበታው ቀርባ ተቀምጣለች። አባት እንደ ልማዱ ያንን ቡጢ የሚያክል ጠቅልሎ አፏ ውስጥ ሲከት፣ ጥርሷን ገጠመችበት! «ወይኔ ጣቴን!» አለ ሰውየው። እንግዳው በሳቅ ሞተ፤ «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው!» አሉት።

ሊቆጣት ዞር ሲል እጇን አየ። ጭብጧ ውስጥ ቁራሽ እንጀራ አለ፤ ከገበታው ተነስቶ ወደ አፏ መንገዱን አጋምሷል። ለካ የእሱ እጅ ቀድሟት ነው! ለካ ስንት ጊዜ ሲቀድማት ኖሯል! ሰውየው የተነከሰ እጁን ጭኑ ሥር ሸጉጦ ተቀመጠ። የልጅቷ እጅ እየተንቀጠቀጠ መጣ፤ ጉንጯን መታ፣ አፍንጫዋን በወጥ ቀባ። ልጅቷ ላብ በላብ ሆነች፣ ግን አልተወችም፤ ገባላት! ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አባት አለቀሰ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ፣ አለቀስኩ። ስንት ጉልበተኛ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ልጅ የታገለ ግን አላየሁም።

ሁለተኛውን ስታነሳ ወደ አፏ አልወሰደችውም፤ ወደ አባቷ ዘረጋችው። አባት አፉን ከፍቶ ጠበቃት። ወጡ ጺሙ ላይ ፈሰሰ፣ ነጭ ጋቢው ላይ ተንጠባጠበ። ዋጠና ምን አላት መሰለሽ? «አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገሚኝ!»

እግሯ አልተፈታም፤ ዛሬም የምትሄደው በዊልቸር ነው። አባቷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «ማን ያጎርሳታል» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

እንግዲህ አስካለ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። የልጅሽን ሆድ አጥግበሽ እጁን አስርበሽዋል፤ እጅም ይራባል። በፍቅርሽማ ማን ይወቅስሻል! ግን ዛሬ ምሳ ላይ ፊቱን ሲያዞርብሽ ጠላኝ አትበይ፤ እጁ ወዴት እየሄደ እንደሆነ እዪ። ነጠላሽ ቢበላሽ ይታጠባል። አንቺ ብቻ እጅሽን ጭንሽ ሥር አድርጊና አፍሽን ከፍተሽ ጠብቂው።