ዘበኛው በከንቱ የጮኸ ቀን

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተም “ቀጥዪ” እያላችሁ አግዙኝ። የኮምፒዩተር ነው ብላችሁ እንዳትሸሹ፣ ሰው አለበት።

ዘርትሁን የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከጠዋት ጀምሮ ልጇ አልተንቀሳቀሰም። ሆዷን ይዛ ጤና ጣቢያ ደረሰች። “ሲስተር፣ ልጄን ያሳዩኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።” አዋላጇ ሲስተር አጸደ በማዳመጫ ብትሞክር አልለይላት አለ። አዲሱን አልትራሳውንድ ከፈተች። ስክሪኑ ድርግም!

“አንተ ስክሪን፣ ምን ሆነሃል?”

“እኔን ምን አድርግ ይሉኛል? ድራይቨሩ ምስል አልሰጠኝ!” ድራይቨሩ መሣሪያውንና ኮምፒዩተሩን የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ ስክሪኑን ከለከለ፣ ስክሪኑ ሲስተርን ከለከለ፣ ዘርትሁን ልጇን አላየች።

“አንተስ ድራይቨር?”

“ሁለት ጓጉንቸር መቆለፍ አለብኝ፤ አንዱን ለምስል መቀበያው፣ አንዱን ለማሳያው፤ አለዚያ ምስሉ ይደበላለቃል። አንዱን ቆልፌ ሁለተኛውን ስነካ ዘበኛው ‘ቁም!’ አለኝ።” ዘበኛው ከርነል በሚሉት የኮምፒዩተሩ እምብርት ተቀምጦ የሚቆለፈውን ሁሉ ይመዘግባል። አይ እሱ፣ ሲጮኽ! ዘበኛው ድራይቨሩን ከለከለ፣ ድራይቨሩ ስክሪኑን ከለከለ፣ ስክሪኑ ሲስተርን ከለከለ፣ ዘርትሁን ልጇን አላየች።

“አንተ ዘበኛ፣ ምነው?”

“የቆለፈውን መልሶ ሊቆልፍ ነዋ! ራሱ ዘግቶ፣ እስኪከፈትለት ራሱ ሲጠብቅ ሊኖር ነው። መዝገቡን ይዩት፣ የሁለቱም ስም አንድ ነው!” ወይ ጉድ! መዝገቡ ዘበኛውን አሳሳተ፣ ዘበኛው ድራይቨሩን ከለከለ፣ ድራይቨሩ ስክሪኑን ከለከለ፣ ስክሪኑ ሲስተርን ከለከለ፣ ዘርትሁን ልጇን አላየች።

ሲስተር ድራይቨሩን ለጻፈችው ለማኅደር ደወለች።

“ውይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ሁለቱን በአንድ መስመር ኮድ ሠራኋቸውና አንድ ስም ተጻፈላቸው። ጓጉንቸሮቹ ግን ለየብቻ ናቸው፤ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው። ዘበኛውን ዝም ላሰኘው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።”

“ተይ እንጂ ልጄ! ነገ የምር ሲቆላለፍ ማን ሊጮኽልኝ ነው? እዚህ አልጋ ላይ የሚተኛው እኮ ሰው ነው!”

ማኅደር አፈረች። “ልክ ነዎት፣ ሲስተር። አምስት ደቂቃ ይስጡኝ።” ጓጉንቸሮቹን በስም ያልለየችው ማኅደር መዝገቡን አበላሸች፣ መዝገቡ ዘበኛውን አሳሳተ፣ ዘበኛው ድራይቨሩን ከለከለ፣ ድራይቨሩ ስክሪኑን ከለከለ፣ ስክሪኑ ሲስተርን ከለከለ፣ ዘርትሁንም የሲስተርን እጅ ጨብጣ አለቀሰች። አምስት ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል እንዴ?

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ! ማኅደር ለየጓጉንቸሩ የየራሱን ስም ሰጥታ ድራይቨሩን መልሳ ላከች፣ መዝገቡ ተቃና፣ ዘበኛው “እለፍ” አለ፣ ድራይቨሩ ሁለቱንም ቆለፈ፣ ስክሪኑ ቦግ አለ፣ ሲስተር አጎንብሳ አየች፣ ዘርትሁን ልጇን አየች። ልቡ ድው ድው ይላል!

“እሰይ! እሰይ!” አለች ሲስተር። “ለካ ተኝቶ ነው!”

ዘርትሁን እያለቀሰች ሳቀች። “የምን መተኛት ነው፣ ሲስተር? ጣቱን እየጠባ እኮ ነው! እኔን እንዲህ አስጨንቆ!”