ውኃ ያረጃል ያሉት ሊቅ

አንድ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበሩ፤ ሙሴ ኦዲሎን ይባላሉ። ሌላው የባሕሩን ጥልቀት ሲመረምር እሳቸው ዕድሜያቸውን የሰጡት ለፈሳሽ ገጽ፣ ለዚያች ለላይኛዋ ስስ ቆዳ ነበር። «ውኃ ያረጃል!» የሚለው ግኝታቸው ስማቸውን በአገሩ ሁሉ አስጠራ። አፍልተው በቀዱት ውኃ ላይ ዱቄት ነስንሰው እፍ ሲሉበት ዱቄቱ ይንሸራተታል፤ ውኃው አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ ግን ንቅንቅ አይልም። «ቆዳው አርጅቶ ነው» እያሉ ሃያ ዓመት ይህንኑ አስተማሩ። በመጨረሻም የአገሩ ሊቃውንት ሜዳሊያ ሊሸልሟቸው ቀን ቆረጡ።

በዋዜማው ቀኝ እጃቸው ተቃጠለና በፋሻ ተጠቀለለ። ስለዚህ ሙከራውን ዕቃ አጣቢያቸው ክሎቲልድ አዘጋጀችላቸው። ሰዓቱ ሞላ፤ እፍ አሉበት። ዱቄቱ ሽው ብሎ ሄደ!

«ምን አድርገሽ ነው?» ብለው ጮኹባት።

«እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው ያደረግሁት፣ ጌታዬ። እርስዎ ግን መቀዝቀዙን ለማወቅ ሁልጊዜ ጣትዎን ይነክሩበታል። እኔ አልነከርኩም።»

ሊቁ ሌላ ውኃ አስቀድተው የግራ ጣታቸውን ነከር አደረጉበት፤ ከዚያ ዱቄት ነስንሰው እንደገና እፍ አሉበት። ዱቄቱ ቀጥ አለ። ወይ ጉድ! ለካ ውኃው አላረጀም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ዱቄቱን የያዘው የገዛ ጣታቸው ወዝ ኖሯል!

ቁጭ ብለው አለቀሱ። ወዳጃቸው ሰምቶ መጣና፣ «ማን ያውቅብዎታል? ነገ ሜዳሊያውን ይቀበሉ፤ እውነቱ ሌላ ቀን ይደርሳል» አላቸው።

«ውኃው ያውቃል» አሉት።

በማግስቱ ሕዝብ ፊት ቆመው፣ «ተሳስቼ አሳስቻችኋለሁ፤ ሜዳሊያው አይገባኝም» አሉ። አዳራሹ ተንጫጫ። ያላገጠባቸውም አልጠፋ። እሳቸው ግን ጠረጴዛ በሚያህል ትሪ ውኃ አስሞሉ፣ ዱቄት አስነሰነሱ፣ በአንዲት ጣት ጫፍ ነካ አደረጉት። ወዙ በውኃው ገጽ ላይ ሲዘረጋ ቀድሞ የተነሰነሰውን ዱቄት ሁሉ በአንዴ ወደ ዳር ገፋው! ያላገጠው ሁሉ ከወንበሩ ብድግ አለ።

የአንዲት ጣት ወዝ ይህን ሁሉ ውኃ ካለበሰች፣ ምን ያህል ብትሳሳ ነው? ሊቁ ቀሪ ዘመናቸውን ይህን ሲለኩ ኖሩ። እንዴት ያለ የደስታ ዘመን መሰላችሁ! ዛሬ የሚታወሱትም በዚሁ ልኬት ነው፤ ስለ ውኃ እርጅና የጻፉትንማ ማንም አያነሳው።

ወገኖቼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ስህተትም እንደዚያው ነው፤ ሲደብቁት ሰውን ባለበት ያስቀራል፣ ሲናገሩት ግን መንገድ ያሳያል። እናንተስ ብትሆኑ፣ ጭብጨባው በር ላይ እየጠበቃችሁ «ተሳስቻለሁ» ትሉ ነበር?