አሞጋሽ ገደል

ከቁልቢት ማርያም በስተጀርባ፣ ወንዙ ተጠማዝዞ ከሚሰወርበት በላይ፣ አሞጋሽ የሚባል ገደል አለ። ንቦች ማር የሚሠሩበት ዋሻ ያለው ከገደሉ ወገብ ላይ ነው። በጥቅምት ማር ሊቆረጥ ሲል ቆራጩ መጫኛውን ታጥቆ አፋፉ ላይ ይቆምና፣ መጫኛ ያዡ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አንድ እውነተኛ ጥፋቱን ይነግረዋል። ሚስትህን ትበድላለህ፣ የጎረቤትህን ድንበር ገፍተሃል፣ ያለውን ይላል። ቆራጩም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይወርዳል። እንግዳ ሰው ካየ የተጣሉ ይመስለዋል። ካህናቱ ነገሩ በመጽሐፍም ያለ ነው ይላሉ፤ ማር ቆራጮቹ ግን ከገደሉ ነው የተማርነው ባዮች ናቸው፣ እኔም የምተርከው እነሱ የነገሩኝን ነው።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን ጓንጉል የሚባል፣ በዚያ አገር የሚወዳደረው የሌለ ማር ቆራጭ ነበረ። መጫኛውን የሚይዝለት የልጅነት ጓደኛው ሺበሺ ነው። ሺበሺ አንደበቱ የሚመር፣ ሰው ይቀየመኛል የማይል ሰው ነበረ ይባላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያወርደውና ሲያወጣው ጓንጉል አንድ ቀን እንኳ አመስግኖት አያውቅም፤ መጫኛው እንደሚታሰርበት ወይራ ቆጥሮት ነበር።

የማር ቆራጭ መጫኛ ከቆዳ የተገመደ ስለሆነ፣ ማር ከነካው ታጥቦ ቅባት መጠጣት አለበት፤ አለዚያ አይጥ ይበላዋል። ጓንጉል ስሙ ሲገን ይህን ተወ፣ መጫኛውን እንዳለ ጎተራ ሥር ይወረውረው ጀመር። በአንድ ድግስ ላይ ሰው ሁሉ ሲያወድሰው ሺበሺ ተነሣና፣ መጫኛህ አልታጠበም፣ ትዕቢት ይዞሃል፣ ዘንድሮ አትውረድ አለው። በሰው ፊት መዋረዱ ጓንጉልን አንገበገበው፤ ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ ብሎ አባረረው። በእሱ ቦታም ዘርጋው የሚባል፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ያዘ።

የወረደበት ቀን ጠራራ ፀሐይ ነበረ፣ ንፋስም የለም። ዋሻው ጋ ሲደርስ ግን ንቦቹ ጸጥ አሉ ይባላል። ያ ሁሉ ንብ ተደርድሮ እያየ ድምፅ የለም። ከዚያ የዘርጋው ድምፅ ከላይ መጣ፤ እንዳንተ ያለ ጎበዝ አልተፈጠረም፣ ትንሽ ዝቅ በል አለው። ጓንጉል ዝቅ አለ። ድምፁ እንደገና መጣ፣ አሁን ግን ከላይ ሳይሆን ከጆሮው ሥር ነበር። «አንተ እኮ መጫኛም አያስፈልግህም።» ጓንጉል ደስ አለው፣ ምን ያድርግ፣ ሰው ሲያሞግሱት መቼ ይጠላል። መጫኛውን የጨበጡትን ጣቶቹን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ።

ያን ጊዜ ሌላ ድምፅ ከሩቅ ጮኸ። «አንተ ትዕቢተኛ! ባልታጠበ መጫኛ ተንጠልጥለህ ማር ያምርሃል? ከራስህ በላይ አይጥ የበላውን አታይም?» ጓንጉል ደሙ ፈላ። ሊሳደብ ቀና ሲል፣ መጫኛው ከራሱ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ በቀጭን ጠፍር ብቻ መያዙን አየ። የዓለቱን ስንጥቅ በሁለት እጁ እንደ ጨበጠ መጫኛው ተበጠሰ።

የጮኸው ሺበሺ ነበረ። ተባርሮም ሆዱ አልችል ብሎት የራሱን መጫኛ ተሸክሞ ተከትሏቸው፣ ከጎን ካለው ቋጥኝ ላይ ሆኖ ሲያይ ኖሯል። ሮጦ መጫኛውን ወረወረለትና ጎትቶ አወጣው። ጓንጉል እግሩ ላይ ወድቆ፣ በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» አለው። ሺበሺም ይልቅ መጫኛህን እጠብ ብሎ መለሰለት ይባላል። ዘርጋው ግን ለምን እንዲያ አልከኝ ሲባል ማለ፤ መጫኛው ከብዶት ጫፉን በጥርሱ ነክሶ ስለነበረ ጓንጉል ከወረደ ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣውም። ሦስቱም ወደ ታች አዩ። ንቦቹ እንደገና መጮህ ጀምረው ነበር።

ገደሉ የማንንም ድምፅ ይዞ ይናገራል፣ ማሞገስ እንጂ መገሠጽ ግን አይሆንለትም ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ከዚያ ወዲህ ሺበሺ አንድ ጥፋቱን ሳይነግረው፣ እሱም ሳያመሰግን፣ ጓንጉል ወርዶ አያውቅም።

ሺበሺ ከብዙ ዘመን በኋላ ሞተ። ጓንጉል አርባው እንደ ወጣ ብቻውን ወደ አፋፉ ሄዶ ተቀመጠ፣ ናፍቆት ነው እንግዲህ። የሺበሺ ድምፅ ከታች መጣ፤ ያው ሻካራው ድምፅ፣ ሳሉ እንኳ ሳይቀር። ወንድሜ ናፈቅኸኝ፣ ና ውረድ አለው። ሽማግሌው መጫኛውን ወይራው ላይ ቋጥሮ ወገቡን ታጠቀ። አንድ እግሩን ካወረደ በኋላ ግን ቆም አለና እያለቀሰ፣ «እስቲ አንዲት ጥፋቴን ንገረኝ» አለ።

ገደሉ በሺበሺ ድምፅ፣ «አንተ ደግሞ ምን ጥፋት አለብህ?» አለው።

ጓንጉል መጫኛውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ዛሬም መጫኛ ያዡ ጥፋት አላገኘሁብህም ካለ፣ ማሩ በዓለቱ ላይ ሲፈስ ቢታይ እንኳ የሚወርድ የለም፤ መጫኛው ይጠቀለላል፣ ሰውም፣ ድምፁ የገደሉ እንዳይሆን ፈርቶ፣ የያዡን ፊት ሳያይ ወደየቤቱ ይሄዳል።