የጥላዬ ትርፍ ሞላዎች

በአርሲ ስንዴ አገር፣ ከአሰላ ዝቅ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ በእድር ስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ «እገሌ ደግሞ ምን ይሠራልናል? ቢቀርስ?» ያለ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ቁጣም ምክርም አያበዙም። አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርጉበትና ወደ ጉዳያቸው ይመለሳሉ። ከአያት ቅድመ አያት የወረደች የምትመስለው እንግዳ ብዙ ነው። የወረደችውስ ከትራክተር ላይ ነው።

ትራክተሯ የጥላዬ ነበረች። ዕድሜዋ ከእሱ ይበልጣል፤ ቀለሟም ረግፎ አልቋል። ቢሆንም ከኋላዋ ያለው ዘንግ የመውቂያ ማሽኑን ስለሚያዞር የቀበሌው ስንዴ ሁሉ በእሷ ይወቃ ነበር። ጥላዬ ሹፌሯም ሐኪሟም እኔ ነኝ ባይ ነው። እጁ ፈጣን ነው፣ ምላሱ ደግሞ እጁን ይቀድመዋል።

አንድ ኅዳር የጋሽ ወርዶፋ ክምር ሊወቃ ሲል ዘንጉ ሰነፈ። ባዶውን ሲሆን ይዞራል፤ ማሽኑ ነዶ ሲጎርስ ይቆማል። ጥላዬ ሽታውን ሳብ አደረገና «የዘንጉ ፍሪሲዮን ነው፤ ሸራው አልቋል» አለ። በዚህ አልተሳሳተም። ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ለዘንጉ የሚያቀብል፣ ሲፈለግም የሚነፍግ ዕቃ ነው፤ እርስ በርስ ተጣብቀው የሚይዙት ሸራዎች ካለቁ ይንሸራተታል።

ጋሽ ወርዶፋ የዕድሜ ባለጸጋ ገበሬ ናቸው። የዓመት ቀለባቸው በዚያ ክምር ውስጥ ነው፤ ሰማዩ ደግሞ ያለ ወጉ ጠቁሯል።

«ልጄ፣ ይኼ ዝናብ ክምሬ ላይ ከወረደ ስንዴው እዚያው ይበቅላል። እኔም ከነልጅ ልጆቼ የሰው ደጅ መጥናቴ ነው» አሉት።

«ምን በወጣዎት! ነገ ስንዴዎን ጆንያ ውስጥ ያዩታል።»

ጥላዬና የሚስቱ ወንድም ተካልኝ ትራክተሯን ከወገቧ ለሁለት ከፈሏት። ፊቷን በግንድ፣ ኋላዋን በድንጋይ ደግፈው ፍሪሲዮኑን አወረዱና ከከተማ የመጣውን አዲስ ሸራ አስገቡ። ተካልኝ ዝግ ያለ ሰው ነው። የሚወጣውን ዕቃ ጆንያ ላይ በተራ ሲደረድር ጥላዬ «ለሰርግ ልትጠራቸው ነው እንዴ?» እያለ ዕቃውን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገው። ሁሉም ተገጣጥሞ የመጨረሻው ብሎን ከጠበቀ በኋላ ጆንያው ላይ ሦስት ትንንሽ ሞላዎች ቀሩ።

«ጥላዬ፣ እነዚህ ተረፉ።»

«ይተርፋሉ።»

«እንዴት ይተርፋሉ? ከውስጥ እኮ ነው የወጡት!»

«ፈረንጅ ሲሠራ አብዝቶ ነው፤ ለመጠባበቂያ ይጨምራል። አሁን ለሦስት ሞላ ብዬ ወገቧን እንደገና ልፍታት? ሰማዩን አታይም?»

ተካልኝ ሰማዩን አየ። ሰማዩ በእርግጥም ያስፈራ ነበር። ሞላዎቹን ኪሱ ከተተ።

ሞተሩ ተነሣ፤ ዘንጉም ነዶውን በጉልበት ይዞ ዞረ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ጥላዬም ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ምርቃቱን ተቀበለ። ዘንጉ መያዙን ሁሉም አየ። መልቀቁን ግን ማንም አልሞከረም።

በዚያ አገር ማሽኑ በቆመ ቁጥር የምርቱ ባለቤት መሬት ላይ የፈሰሰውን እህል በገዛ እጁ ይለቅማል። ተረግጦ የቀረ እህል ባለቤቱን ይረግማል ይባላል። ክምሩ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ገለባ ማሽኑን አነቀው። ጥላዬ የዘንጉን እጀታ ሳበና «ቆሟል!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ወርዶፋ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከዘንጉ ሥር ጎንበስ ብለው መልቀም ጀመሩ።

ዘንጉ እውነትም ቆሞ ነበር። ያቆመው ግን የጥላዬ እጀታ ሳይሆን የተሰነቀረው ገለባ ነው። እጀታው ሲሳብ ሸራዎቹን የሚያላቅቁት እነዚያ ሞላዎች ነበሩ፤ እነሱ ስለሌሉ ሸራዎቹ አልተላቀቁም፤ እየተሻሹ ዘንጉን ይጎትቱታል። ተካልኝ ይህን ሳያውቅ ገለባውን ጎትቶ ሲያወጣ ዘንጉ መዞር ጀመረ።

የጋቢው ጫፍ ተጠመጠመ። «ያ ረቢ!» አሉ ሽማግሌው፣ አንገታቸው ወደ ዘንጉ እየተሳበ። ጥላዬ በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። እጀታውን ደጋግሞ ሳበው፤ ምንም የለም። በመጨረሻ ዘሎ የሞተሩን ማጥፊያ ሳበ። ሞተሩ ጸጥ ሲል ጋቢው ዘንጉ ላይ ገመድ ሆኗል፤ ሽማግሌው ግን መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። ያተረፋቸው የጋቢው እርጅና ነው፤ ትከሻቸው ላይ ተቀዶ ለቀቃቸው።

ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጎረቤቱ ሁሉ ላስቲክ ይዞ ወደ ቀረው ክምር ሮጠ። ጥላዬ ብቻ ከሽማግሌው ፊት እንደተገተረ ቀረ። ተካልኝ ሞላዎቹን ከኪሱ አወጣና ዘረጋቸው።

«ምንድን ናቸው?» አሉ ጋሽ ወርዶፋ አንገታቸውን እያሹ።

«ከፍሪሲዮኑ… የተረፉ ናቸው፣ ጋሼ» አለ ጥላዬ።

ሽማግሌው ሞላዎቹን ተቀብለው አገላብጠው አዩዋቸው፤ ከዚያም የጥላዬን መዳፍ ዘርግተው አንድ በአንድ አስቀመጡለትና «ልጄ፣ የሚተርፍ የለም፤ ቦታውን ያጣ እንጂ» አሉት።