ከሸለቆው ማዶ የወደቀው አጋዘን

ወጥ ሳይበስል ከእሳት ያወረደችውን ሴት፣ ሽማግሌ ሳይልክ ሚስት ያገኘ የመሰለውን ጎረምሳ፣ ሁሉንም የሚሸነቁጡባት አንዲት ምሳሌ አለች። ሰው እየሳቀ ነው የሚተርታት። እኔ ግን በሰማኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ስትወለድ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ነገሯም የችኮላ ብቻ አይደለም። መነሻዋን ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚስቅ ይሳቅ።

በአባቴ አገር፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት አፋፍ፣ አደን እንደ ጾም ሥርዓት ነበረው። አዳኝ ከመውጣቱ በፊት የተጣላውን ይታረቃል፣ ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል፣ እህል ሳይቀምስ ይሄዳል። ረቡዕና ዓርብ ጠመንጃ አይነካም። ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጨረሻው ነው፤ የመታው እንስሳ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶበት፣ በሥላሴ ስም ባርኮ ማረድ አለበት። ሳይደርስበት ከሞተ በክት ነው፤ ክርስቲያን አይበላውም። ስለዚህ ደህና አዳኝ ቅርብ ካልሆነ አይተኩስም። አባ ቢምረው የሚባሉት ሽማግሌ አዳኝ፣ “ጣቱን ያልገዛ ሆዱንም አይገዛ፤ እኔ መጾምን የተማርኩት ጫካ ውስጥ ነው” ይሉ ነበር። ብዙ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ አንድም ቀን ግን አልተማረሩም።

አንድ ጊዜ አልጋነሽ የምትባል ድሃ ሴት ባሏ ሞተባት። አርባው ሲደርስ እንኳን በሬ ዶሮም አልነበራትም። በዚያ አገር ያለ ሥጋ ተዝካር ማውጣት ውርደት ነው፤ ሟቹ የተረሳ ይመስላል። አዳኞቹ አዘኑላትና “ሥጋውን ለእኛ ተይው” አሏት። አባ ቢምረውና ገላው የሚባል ሰው ወጡላት።

ይህ ገላው ደረቱ ላይ መዳፍ የሚያህል መስቀል አንጠልጥሎ፣ ዳዊቱን ታጥቆ በረሃ የሚወርድ፣ በየደጀ ሰላሙ “አደን ለእኔ ጸሎት ነው” እያለ የሚሰብክ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አልወደውም። ከጉልበቱ አፉ ቀድሞ ይሰግዳል።

ማለዳ ከሸለቆው አፋፍ ተኝተው ሲጠብቁ ከማዶ አንድ ትልቅ አጋዘን ብቅ አለ። ውሃው ያለው ከእነሱ በታች ስለሆነ ሊጠጣ መውረዱ አይቀርም ነበር። ገላው ጠመንጃውን ደገነ።

“ይውረድ” አሉ አባ ቢምረው ክንዱን ይዘው። “ከማዶ ብትመታው አንደርስበትም።”

“ቢያመልጠንስ?”

“ቢያመልጠን ነገ ምስር ይበላል። ዝም በል።”

ገላው ተኮሰ። አጋዘኑ ወደቀ። ሸለቆውን ወርደው ማዶውን ቧጠው እስኪወጡ ብዙ ቆዩ፤ ሲደርሱ ትንፋሽ የለውም። አባ ቢምረው ጎንበስ ብለው ዓይኑን በሣር ጫፍ ነኩት። አልተርገበገበም። ቀና ሲሉ ገላው ቢላዋውን መዞ፣ “በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ” ብሎ አንገቱን ቆርጦታል። ደሙ አልፈነጠቀም፤ ጥቂት ረጋ ያለ ነገር ወጣ።

“ምን እያደረግህ ነው?” ብለው ጮኹ ሽማግሌው።

“አረድኩ።”

“የሞተ ይታረዳል?”

“አባ ቢምረው፣ ይቺ ሴት ነገ በሰው ፊት ልታፍር ነው። ካህናቱ ተጠርተዋል፤ ድሆቹም ይመጣሉ። ደግሞስ ከእኔና ከእርስዎ በቀር ማን አየ?”

“ስሙን የጠራኸውስ? እሱ ዓይን የለውም?”

ገላው አላፈረም። ሰው ጠርቶ ሥጋውን በአህያ አስጫነና እያቅራራ መንደር ገባ። እልልታው ቀለጠ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው! መተኮሱ ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ስህተቱን በሥላሴ ስም ሸፍኖ ለድሃ ምጽዋት ማድረጉ ግን ንቀት ነው፤ ፈጣሪንም ድሃዋንም መናቅ።

አባ ቢምረው በእግራቸው ዘግይተው ደረሱ። አልጋነሽ ሥጋውን ልትዘለዝል ቢላዋ ስትስል አገኟት።

“እንዳትነኪው ልጄ፣ በክት ነው” አሏት።

ግቢው በአንድ አፍ ተነሣባቸው። “ቅናት ነው! ሲያረጁ ግዳይ እምቢ ቢላቸው!” አለ አንዱ። ሌላው “የሙት ቤት ሊያዋርዱ!” ብሎ ገፈተራቸው። ይህን ጊዜ የሟቹ የነፍስ አባት ቄስ ፈንቴ ከመደቡ ተነሥተው መስቀላቸውን ወደ ገላው ዘረጉ።

“እጅህን እዚህ ላይ አድርግ። ስታርደው ነፍስ ነበረው?”

“ባርኬ ነው ያረድኩት።”

“እሱን አልጠየቅሁህም።”

“በሥላሴ ስም ባርኬያለሁ አልኩ እኮ!” አለ ገላው። እጁ ግን ወደ መስቀሉ አልተነሣም።

አልጋነሽ ያንን እጅ አየች። ከተቀመጠችበት ተነሣች።

“ባሌ ድሃ ነበር እንጂ በክት አልበላም። በስሙ ካህኑንም ድሃውንም በክት ልታበላልኝ ኖሯል?”

ሥጋውን አስወጥታ ገደል አስጣለችው። ሥጋው የነካውን ሰፌድም፣ አንድ ለእናቱ የነበረውን፣ አስከትላ ወረወረችው። እያለቀሰች ነበር፤ ንዴት ነው ያስለቀሳት። ከዚያ ነጠላዋን አደግድጋ ክክ ልትጥድ ገባች፤ ጎረቤቶቿም አንድ በአንድ ተከተሏት።

ገላው አሁንም ከጥፋቱ አልተመለሰም። የተጣለውን ሥጋ እያሳየ፣ “ሥላሴ የተጠራበት ሥጋ ለጅብ ሲጣል ዝም ትላላችሁ? ክርስቲያን አይደላችሁም?” ብሎ ጮኸ።

ሽማግሌውን የገፈተረው ሰው እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነበር። አባ ቢምረው ግን ቁጣቸው ገና አልበረደም፤ ከፊቱ ሄደው ቆሙና እንዲህ አሉት፦ “የጠራኸው ስም ቅዱስ ነው፤ አንተ ግን ችኮላህን ልትሸፍንበት ጠራኸው፤ ምን ይደረግ፣ የቸኮለ አዳኝ በክት ይባርካል።”